ካርቶኑ አዲስ ነው

እቴቴ ስታላምጥ አገጯ ቀጭ ይላል። ደረቅ ነገር ከሆነማ ድምፁ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ ይሰማል። ጋራዡ ውስጥ ምሳ ላይ ቀለም ቀቢው ራዲዮ፣ ይህ ስም የወጣለት አፉ ስለማይዘጋ ነው፣ "እቴቴ፣ ዛሬም ማርሹ አልገባልሽም?" ይላታል። ትስቃለች። ስትስቅም ቀጭ ይላል። ይህን ቀልድ ሰምቶ የማይስቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጋራዡ ባለቤት፣ ታናሽ ወንድሟ። ምን ብሎ ይስቃል? አገጯን የሰበረው እሱ ነው።

ያን ቂም ለዓመታት ተሸክማዋለች። ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ እጇ ያገኘዋል፤ ጉንጯ ሥር ጠጠር ያለች አጥንት አለች። የከነከናት ግን ምቱ አይደለም። እሷም በልጅነቱ ስንቱን ጊዜ ገርፋዋለች። የከነከናት በዚያ ምት ምክንያት ሰው መሞቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋራዡ የአባታቸው ነበር። እናታቸው ቀድማ በመሞቷ ትንሹን ልጅ አዝላ ያሳደገችው እቴቴ ናት፤ ትምህርት ቤትም የቀረችው እሱ ጀርባዋ ላይ ስለነበረ ነው። ፊደሉን እንደነገሩ ቆጥራ አባቷ ሥር ገባችና መዶሻ ጨበጠች። የተጨማደደ ላሜራ ቀጥቅጣ ታቀናለች፤ ክንዷ የወንድ ክንድ ያስንቃል። ወንድሟን ሠራተኛው ሁሉ "አለቃ" ይለዋል። እሷ ግን ራሱ ከተመለጠም በኋላ "ማሙሽ" ነው የምትለው። ደንበኛ ፊት "ማሙሽ" ስትለው እስከ ጆሮው ይቀላል።

አባታቸው አንድ የማይለቀው ልማድ ነበረው። የተጋጨ መኪና ጠግኖ ሲጨርስ፣ ለባለቤቱ ከመስጠቱ በፊት ሁለቱን ልጆቹን ኋላ ወንበር ላይ ይጭንና በኃይል ይነዳዋል። ባለቤቱ ዳር ቆሞ እያየ ግቢውን ይዞራል፣ የውሃ ቦዩን ዘሎ ይሻገራል፣ ፍሬን ይረግጣል፤ ልጆቹ ኋላ እየተንገላቱ ይንጫጫሉ። ወርዶ ቁልፉን ሲያስረክብ "የእኔ ልጆች ተሳፍረውባታል" ይላል፤ ሌላ ማረጋገጫ አይሰጥም። ያገለገለ ዕቃ ይጠላ ነበር ማለት አይደለም። በር፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ ከወደቀ መኪና ፈትቶ ይገጥማል፤ "ያገለገለ ነው፣ ግን ከዛሬው ስስ ላሜራ ይሻላል" ብሎም ይሟገታል። መሪና ፍሬን ላይ ሲደርስ ግን አዲስ ዕቃ እስኪመጣ መኪናው እዚያው ይከርማል። ደንበኛ ቢቆጣ፣ ቢሳደብ፣ ወይ ፍንክች።

አባትየው ሲሞት ልማዱም አብሮ ተቀበረ። ማሙሽ ግቢው ጥግ የመስታወት ቢሮ አሠራ። ከወንበሩ ጀርባ ጣሪያ የሚነካ መደርደሪያ አቆመና የአዲስ መለዋወጫ ካርቶን ደረደረበት። ደንበኛ ገብቶ ያን ሁሉ ካርቶን ሲያይ ልቡ ያርፋል።

ልባቸው ካረፈ ደንበኞች አንዱ ባለ ኮፍያው ነበር። ጨዋ ሰውዬ ነው፤ ሲገባ ኮፍያውን አንስቶ ለሠራተኛው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል። የመኪናው ግራ ጎማ ተመትቶ የመሪው ክንድ ተሰብሮ ነበር። የመሪ ክንድ ማለት የፊት ጎማ መሪውን እንዲታዘዝ የሚያደርገው ብረት ነው፤ እሱ ከተሰበረ ሹፌሩ መሪውን ቢያሽከረክር ጎማው አይሰማውም። ማሙሽ የተበየደ ክንድ በጥቁር ቀለም ቀብቶ ገጠመለት። ሰውየው ቁልፉን ሲቀበል እቴቴ መዶሻዋን አስቀመጠችና፣

"ጌታው፣ ክንዱ አዲስ አይደለም" አለች።

ማሙሽ የጎማ መፍቻ ይዞ ነበር። ዞር እንዳለ በመፍቻው ጫፍ አገጯን አላት። ፓራፋንጎው ላይ ወደቀች። አፏ ደም ሞላ፤ ጥርሷ እጇ ላይ ወጣ። ሰውየው መሐላቸው ገብቶ መሐረቡን አፏ ላይ ያዘላት።

"ታላቅ እህትህን! አታፍርም አንተ?"

"ጌታው አይፍረዱብኝ" አለ ማሙሽ እያለከለከ። "አባቴ ከሞተ ጀምሮ ጋራዡን ልትነጥቀኝ ነው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሥራዬን ታጣጥላለች።"

ባለ ኮፍያው ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። የውርስ ጸብ መሰለው። ወንድምና እህት በውርስ ሲባሉ ባዳ ጣልቃ አይገባም ብሎ የሚያምን ሰው ነበርና፣ "እግዜር ያስታርቃችሁ" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። እቴቴ ልትጮህ አፏን ብትከፍት አገጯ ተንጠለጠለ፤ ድምፅ የለም፣ ደም ብቻ። እየተደናቀፈች እስከ በሩ ሮጠች፤ እጇን አወናጨፈች። እሱ በመስታወቱ አያት። ስለ መሐረቡ የምታመሰግነው መስሎት ኮፍያውን አነሳላትና ሄደ።

ድልድዩ ጋ መዞሪያው ላይ መኪናው አልዞር አለውና ከድልድዩ ወደቀ። ከሥር ሲያወጡት ኮፍያው ብቻ ነበር ያልተጨማደደው።

ሁሉም "ፍጥነት ነው" አለ። እቴቴ በታሰረ አገጭ፣ በምልክትም በማጉረምረምም ለትራፊክ ፖሊሱ ለመንገር ሞከረች። "እናቴ፣ መኪናው እንዳለ ደቅቋል፤ የቱ ቀድሞ እንደተሰበረ ማን ያውቃል?" አላት። ማሙሽ ቁርጥራጩን ገዝቶ በግቢው ሌላ ጥግ አስቀመጠውና እየፈታ ይሸጠው ጀመር። አንድ ሰሞን በሩ ሄደ፣ ሌላ ጊዜ መብራቱ፣ ወንበሩ። እቴቴ መዶሻዋን በጣለች ቁጥር የሟቹ መኪና እየሳሳ ሲሄድ ታያለች። ሰው "ለምን ጥለሽው አትሄጂም?" ሲላት "እሱ ይሂድ እንጂ። ሞርሳው የአባቴ፣ መዶሻው የአባቴ፤ እኔ ወዴት?" ትላለች። ደረቅ ናት። ቂሙን ከነደሙ ዋጠችው፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ላሜራ ላይ ተወጣችው።

እንዲህ እያለ ሹፌሯ መጣች።

ሹፌሯ የራሷን ታክሲ የምትነዳ፣ ደልደል ያለች፣ ምላሷ ከጥሩንባዋ የሚፈጥን ሴት ናት። የጭነት መኪና የታክሲዋን ፊት በቀኝ በኩል ገጭቶ የመሪውን ክንድ ሰብሮባት አስጎትታ ገባች። ግንባሯ ላይ ፋሻ አለ፤ አፏ ግን ምንም አልሆነም።

"ስሙኝ፣ አለቃ" አለችው ማሙሽን፣ ቢሮው በር ላይ ወገቧን ይዛ። "በሩን ከፈለጋችሁ ከአያቴ መኪና አምጡት። ኮፈኑም ያገለገለ ይሁን፤ እኔ ለሠርግ አልነዳትም። መሪዋ ግን አዲስ። አዲስ ስልህ የታጠበ አይደለም፣ የተቀባ አይደለም። ከኋላዬ ሰው እጭናለሁ።"

"በአባቴ አጥንት" አለ ማሙሽ መደርደሪያውን እያሳየ። "ይኸው፣ ካርቶኑን እዪው።"

"ካርቶን ምን ይሠራልኛል፣ አልበላው!"

እቴቴ ከሩቅ ሰማቻት። ከአባቷ ወዲህ እንዲህ ሲነገር ሰምታ አታውቅም። ደስ ብሏት የሹፌሯን በር በእጥፍ ተጠንቅቃ ቀጠቀጠችው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማሙሽ በቅባት የተለወሰ ብረት ይዞ መጣና ብረት የምታስርበት ሞርሳዋ ላይ ጣለው። የመሪ ክንድ ነው፤ መሐሉ ላይ ጎብጧል። እቴቴ ቀና ብላ ወደ ግቢው ጥግ አየች። የባለ ኮፍያው መኪና ቀኝ ጎማ ተፈትቶ ተንጋሏል።

"አቅኚልኝ" አለ። "ያው ዓይነት መኪና ነው፤ ልክክ ይላል። ወደኔ አትዪ፣ ብረቱን እዪ።"

"ይሄ የሟቹ ነው።"

"ሟች ብረት የለውም።"

"ማሙሽ፣ ከድልድይ የወደቀ ብረት ነው። በእሳት ካቀናኸው ልቡ ይሞታል። ግድ የለህም፣ በሩንም ፓራውልቱንም ያገለገለ አድርግ፤ እሷም ፈቅዳለች። ይሄን ግን ተው።"

"አስተማሪ መቅጠሬን አላወቅሁም።"

እቴቴ ብረቱን አንስታ ባላት ጉልበት ወረወረችው። የባለ ኮፍያው መኪና ጎን ላይ ተላትሞ ጮኸ። ማሙሽ ጸጉሯን ጨመደዳትና ግንባሯን ሞርሳው ላይ አጋጨው። ዓይኗ ጨለመ። ክንዷን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ጆሮዋ ላይ፣ "ያኛውን የአገጭሽን ጎን ደግሞ እንዳልጨምርልሽ!" አላት። ራዲዮ የቀለም መርጫውን እንደያዘ መሐላቸው ገባና ማሙሽን ከደረት እስከ ጉልበቱ ቢጫ አደረገው።

"አለቃ፣ ይቅርታ፣ እጄ አመለጠኝ" አለ ራዲዮ። እጁ እንዳላመለጠው ሦስቱም ያውቃሉ።

ማሙሽ እንደ በሰለ ሎሚ ቢጫ ሆኖ ሄደ። ክንዱን ራሱ በጋዝ እሳት ፍም እስኪመስል አግሎ ቀጠቀጠው፤ ውሃ ውስጥ ሲከተው እንደ እባብ ፉጨት አሰማ። ቀባው፣ አደረቀው፣ ከመደርደሪያው ካርቶን አውርዶ ውስጡ አስተኛው። እቴቴ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ሁሉንም አየች። እንደ ድሮው ብትናገር ምን እንደሚመጣ አወቀች፤ እሱ ይመታታል፣ ሹፌሯ የውርስ ጸብ ነው ትላለች፣ መኪናዋን ትነዳለች፣ ከኋላዋ ሰው ትጭናለች። ቃል አንዴ ሞክራው ጥርሷን አስከፍሏታል። ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ምን እንደሆነ እዚያው ሞርሳው አጠገብ ገባት፣ ጨርቁን ጥላም ተነሳች።

ሹፌሯ መኪናዋን ልትወስድ በመጣች ቀን ቀለሙ ያብለጨልጭ ነበር። ማሙሽ ቢሮው ደጃፍ ላይ ካርቶኑን ከፍቶ ባዶነቱን አሳያት፤ ውስጡ የነበረው መኪናው ላይ ገብቷል ማለቱ ነው።

"ካርቶኑ አዲስ ነው" አለች ሹፌሯ አገላብጣ እያየች።

"ዕቃውም እንደ ካርቶኑ ነው፣ እህቴ። ይኸው ቁልፉ።"

እቴቴ መዶሻዋን ይዛ መጣች። ወንድሟን አላየችውም፤ ያየችው ሹፌሯን ነው።

"እዚህ ቤት አንድ ወግ ነበረን" አለቻት። "የሠራነውን መኪና ባለቤቱ ከመውሰዱ በፊት አባቴ ልጆቹን ጭኖ ይነዳው ነበር። ዛሬ አባቴ የለም። ልጆቹ ግን ሁለታችንም አለን። እኔ እነዳለሁ፤ ማሙሽ ይሳፈራል።"

"አሪፍ ወግ ነው!" አለች ሹፌሯ። "ምን ይጎዳል? ንዷት፣ እኔም ልያት ስትሄድ።"

"ሥራ አለብኝ" አለ ማሙሽ።

"አንድ ዙር ነው።"

"አልኩሽ እኮ፣ ሥራ አለብኝ!"

"አዲስ ነው አላልክም እንዴ?" አለች ሹፌሯ፤ ድምፅዋ ቀጠነ። "ምን ያላብሃል?"

ማሙሽ ለእህቱ ዞረ። ያን የድሮ ፊቱን አየችው፤ መጀመሪያ ከንፈሩ ይነጣል፣ ቀጥሎ ትከሻው ይነሳል። ቡጢው ሲመጣ ግን እንደ ያኔው ባዶ እጇን አልነበረችም። መዶሻዋን ከታች ወደ ላይ ላከችው። የእጁ አንጓ ላይ አረፈ፤ እንደ ደረቅ እንጨት ቀው አለ። ማሙሽ ጮኸና ተንበረከከ። ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። በእግሩ ቁርጭምጭሚቷን መታት፤ ላዩ ላይ ወደቀችበት። ተያይዘው ዘይት የፈሰሰበት መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ ነከሳት፣ በክርኗ አፍንጫውን አፈረሰችው። ስትነሳ በአንድ እጇ ቁልፉን፣ በሌላው ኮሌታውን ጨብጣ ነበር። ዕድሜ ልኳን ኮፈን የተሸከመች ሴት ናት፤ እንደ ጆንያ ጎትታ ሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር ላይ ወረወረችው፤ ቀበቶውንም አሰረችለት።

ራዲዮ መኪናው አጠገብ ቆሟል። "እቴቴ፣ ምን ላድርግ?"

"በሩን ዝጋበት!"

ራዲዮ አንዴ አለቃውን፣ አንዴ እሷን አየ። ከዚያ በሩን በሁለት እጁ ጓ አድርጎ ዘጋና ጀርባውን አስደግፎ ቆመ፤ እቴቴ በወዲያኛው በር ገብታ ሞተሩን እስክታስነሳ አልተነቃነቀም።

ጎዳና ላይ አልወጣችም፤ እዚያ የሰው ልጅ አለ። ግቢው ሰፊ ነው፤ አባቷ ያስተማራት እዚያው ነው። የጎማውን ክምር አንድ ጊዜ ዞረችው። መሪው እጇ ላይ በትንሹ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ቀስ በይ!" አለ ማሙሽ። የተሰበረ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎታል፤ ደሙ ከአፍንጫው ሸሚዙ ላይ ይወርዳል። "እቴቴ፣ ቀስ!"

"ምን አስፈራህ? ድሮ እኮ ትስቅ ነበር።"

ነዳጁን ረገጠችው። ጎማው አቧራ ተፋ። ሹፌሯና ራዲዮ በመስኮቱ ሽው ብለው አለፉ።

"አቁሚ! ቦዩን እንዳትሻገሪ!"

"ለምን? አባባ ይሻገረው አልነበረም?"

"አይችልም! ክንዱ አይችልም!"

"የትኛው ክንድ? አዲሱ?"

"አዲስ አይደለም!" ብሎ ጮኸ ማሙሽ።

የእቴቴ አገጭ ቀጭ አለ። ይህን ቃል ያለችው እሷ ነበረች፤ ለዚህ ቃል ነበር የተሰበረችው። መስኮቱን ዝቅ አደረገችው።

"አልሰማሁህም፣ ማሙሽ።"

"አዲስ አይደለም! የሟቹ ነው! በእሳት አቅንቼው ነው! በእናታችን አቁሚ!"

ሹፌሯ እጇን ራሷ ላይ ጫነች፤ እንደሰማች ያስታውቃል። እቴቴ ፍሬን ረገጠች፤ ግን ቦዩ ላይ ደርሰው ነበር። የፊት ጎማዎቹ ገብተው ወጡ። ሲወጡ ከሥር አንድ ነገር ጧ አለ፤ አጥንት ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ ታውቀዋለች። መሪው እጇ ላይ ላላ። ወደ ግራ ብትጠመዝዘው ቀኙ ጎማ በራሱ ወደ ቀኝ ዞረ። መኪናው እንደ ሰካራም ተሽከረከረና ፊቱን አዙሮ ቢሮው ውስጥ ገባ።

መስታወቱ እንዳለ ወረደ። ጠረጴዛው ተሰነጠቀ። መደርደሪያው ትንሽ አመነታና ኮፈኑ ላይ ተዘረገፈ፤ ካርቶኑ ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ በተሰበረው የፊት መስታወት ገብቶ ላያቸው ላይ ዘነበ። እቴቴ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ክብደቱን ጠበቀች። ክብደት የለውም። ሁሉም ባዶ ነበር።

ሹፌሯ እየሮጠች ደረሰች። የማሙሽን በር ከፈተች፣ አየችው፣ ካርቶን አነሳችና በካርቶኑ ፊቱን ትመታው ጀመር። "አዲስ ነው! ዕቃውም እንደ ካርቶኑ ነው! እንካ፣ ብላ! ሰው እጭናለሁ አላልኩህም? ከነፕላስቲኩ ብላ!" ራዲዮ ወገቧን ይዞ ሊያስለቅቃት ሞከረ፤ ብዙም አልታገላትም።

እቴቴ በአራት እግሯ ወጣች። ቅንድቧ ተቀዷል፤ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ክሪክ አስገብታ መኪናውን አነሳችና ሥሩ ገባች፤ ቡሎኑን ፈታ ሁለቱን ቁራጭ አወጣች። ስብራቱ ላይ ብረቱ እንደ አሸዋ ቅንጣት ቅንጣት ሆኗል። አንዱን ቁራጭ ለሹፌሯ ሰጠቻት። ሌላውን ወንድሟ ጭን ላይ አስቀመጠች።

"ትራፊክ ፖሊሱ ሲመጣ ይሄን እጅህ ላይ ያግኘው" አለችው። "የቱ ቀድሞ እንደተሰበረ ዛሬ የሚያውቅ አለ። የባለ ኮፍያውንም አንተው ትነግረዋለህ። ደግሜ ሳልመታህ ራስህ ተናገር።"

ማሙሽ በደህናው እጁ ብረቱን ያዘ። አዝላ ስታሳድገው ሲያለቅስ የነበረው ልጅ ፊቱ ላይ ብቅ አለ፤ እሷ ግን አላባበለችውም።

ራዲዮ ፖሊስ ሊጠራ ሮጠ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ሮጦ አያውቅም። ሹፌሯ የተሰባበረውን መስታወት በጫማዋ ገፋ አድርጋ የቢሮው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። መኪናዋን አየች፤ ትናንት የተቀባው ፊቷ ተመልሶ ተጨማድዷል።

"አሁን ይቺን ማን ሊሠራልኝ ነው?"

"እኔ" አለች እቴቴ። መዶሻዋን ከመሬት አንስታ በቀሚሷ ጠረገችው። "ኮፈኗ ያገለገለ ይሆናል፤ ከዚያ ከጥጉ መኪና ግን አንድ ቡሎን አልነካም። ክንዱ አዲስ እስኪመጣ እዚህ ትቆማለች። ብትቆጪም፣ ብትሳደቢም።"

"ስትጨርሺስ? ማን ይነዳታል መጀመሪያ?"

እቴቴ በመዶሻው ጫፍ ወደ ወንድሟ አመለከተች። አሁንም ቀበቶው እንደታሰረ ነበር።

"እኔ እነዳታለሁ" አለች። "እሱን ጭኜ። የትም ቢያስገቡት ይህን መኪና ለመሳፈር አስፈቅጄ አመጣዋለሁ።"

ሹፌሯ ሳቋ አመለጣት፤ እቴቴም ሳቀች። አገጯ ቀጭ አለ፤ ማሙሽ ከመኪናው ውስጥ ሰምቶ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ የኮፈኑን ቡሎኖች መፍታት ጀመረች።